ዕረፍት ያጣ መሬት፦ ከአዳማ እስከ ሮቤ

አርሲና ባሌ ሲባል ዛሬ መጀመሪያ የሚታሰበው ስንዴ ነው። የዛሬ ስድሳ ሰባ ዓመት ግን ይህ የከብት አገር ነበር። ገብሱ በትንሽ ማሳ ይዘራል፤ የቀረው ሰፊ መስክ የላም፣ የፈረስና የበግ ነበር። የከብት አገር እንዴት የስንዴ አገር ሆነ? መሬቱስ በዚህ መሃል ምን ደረሰበት? ይህንን በመንገድ ላይ እያየሁና እየጠየቅሁ ልሂድ ብዬ ኅዳር ሲጋመስ ተነሣሁ። አጨዳው የደረሰበትን ጊዜ ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። በአጨዳ ሰሞን ገበሬ ስለ መሬቱ ሲጠየቅ በደፈናው አይመልስም። የስንቱን ኩንታል፣ የማዳበሪያውን ዕዳ፣ የማሽኑን ክፍያ እየቆጠረ ነው የሚያወራው።

ሰኞ፣ ከአዳማ ወደ ኢተያ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ቆላውን ይዞ ይሄዳል። ዴራ አካባቢ ግራር አለ። በቆሎ፣ ጤፍና ቦሎቄ አለ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግራሩ እየሳሳ ስንዴው እየበዛ መጣ። ኢተያ ስንደርስ በግራም በቀኝም ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ቢጫ ስንዴ፣ በየመሃሉ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ስንዴ።

ዓይኔ የሚፈልገው ከብት ነበር። ያገኘኋቸው ከአስፋልቱ ዳር፣ በመንገዱና በውሃ መውረጃው ቦይ መካከል ባለችው ቀጭን ሣር ላይ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ላሞች በገመድ ይዞ ያግጣል። ገመዱን አንዴም አይለቅም። ላሚቱ አንገቷን ወደ ስንዴው ብትመልስ ከባለማሳው ጋር ጠብ ነው።

እዚያው ከተማው ውስጥ ከሰማንያ ያለፉ አዛውንት አገኘሁ። «አባቴ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ይህ ሁሉ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ሣር ነዋ! ከብቱ ከተኛ በሣሩ ውስጥ አይታይም ነበር» አሉኝ።

አባታቸው እንዴት ያርሱ እንደነበር በዝርዝር ነገሩኝ። አንዱን ማሳ ሁለት ሦስት ዓመት ገብስ ይዘሩበታል። ምርቱ ሲቀንስ ይተዉታል። ማሳው ሣር ያበቅላል፤ ከብት ይውልበታል፣ ያድርበታል። አራት አምስት ዓመት ካረፈ በኋላ ተመልሰው ያርሱታል። እስከዚያ ሌላው ማሳ ይሠራል። የማዳበሪያ ከረጢት ያዩት ትዳር ከያዙ በኋላ እንደሆነ አጫወቱኝ። ለካ ያን ጊዜ መሬቱን የሚያዳብረው ዕረፍቱና በረቱ ነበር።

«ታዲያ መቼ ቀረ?»

«አንድ ቀን አልቀረም። የመጀመሪያው ልጄ ሲያገባ ከመስኩ ቆርሼ ሰጠሁት። ሁለተኛው ሲያገባ ደግሞ ቆረስኩ። መስኩ አለቀ። ሦስተኛው ሲመጣ የሚያርፈውን ማሳ ሰጠሁት።»

ይህን ንግግር ማስታወሻዬ ላይ እንዳለ ጻፍኩት። ስለ እርሻ መስፋፋት ብዙ ጥናት ማንበብ ይቻላል፤ ነገሩ ግን እኚህ ሰው እንዳሉት ነው። መጀመሪያ የሚሄደው የግጦሽ መሬት ነው። ቀጥሎ የማሳው ዕረፍት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚጨምረው መሬት የለውም። ያለው መንገድ ያንኑ መሬት በየዓመቱ፣ ሲቻልም በዓመት ሁለቴ ማሠራት ነው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን አለፈ። የሽማግሌው ሦስት ልጆች የዚህ ቁጥር አካል ናቸው።

ማክሰኞ፣ ቁሉምሳና አሰላ

ከኢተያ ወደ አሰላ ሲሄዱ፣ አሰላ ከመግባትዎ በፊት የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአገሪቱ የስንዴ ምርምር እምብርት ነው። ትንንሽ መደቦች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ መደብ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተተክሎበታል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ደርቆ አንዱ ገና አረንጓዴ ነው። አርሲን የስንዴ አገር ያደረጉ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ካሉ መደቦች የወጡ ናቸው።

የታሪኩ መታጠፊያ እዚሁ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ «ካዱ» የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላን መቀመጫው አድርጎ ተጀመረ። ዓላማው አነስተኛ ገበሬውን ማሳደግ ነበር። ምርጥ ዘር አመጣ። ማዳበሪያ በብድር ሰጠ። የተዳቀሉ ጊደሮች አከፋፈለ። መንገድ ከፈተ፣ እህል የሚገዛባቸው ጣቢያዎች አቋቋመ። ስንዴውም በእውነት ሰጠ። ማዳበሪያ ያገኘው ማሳ ገበሬው ከሚያውቀው በላይ አመረተ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሬቱ የባላባት፣ አራሹ ጭሰኛ ነበር። ስንዴ ገንዘብ ማምጣቱን ባለመሬቱ ሲያይ ጭሰኛው ትርፉን የሚያካፍለው ሰው ሆነበት። ትራክተር ገዛ ወይም ተከራየ፤ ጭሰኛውን አስነሣ። ለትንሹ ገበሬ የታሰበው እርዳታ ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ ነቀለው። በአርሲ ይህን ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። አሰላ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ቤተሰባቸው በዚያን ጊዜ ከቀያቸው ተነሥቶ ወደ ቆላው እንደወረደ ነገሩኝ። ጎጇቸው የነበረበት ቦታ በማግሥቱ በትራክተር ታርሶ እንደነበር ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። ምርት ሲጨምር ማን ተጠቀመ የሚለው ጥያቄ ከምርቱ እኩል መጠየቅ ያለበት ለዚህ ይመስለኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ባላባትነት ቀረ፤ መሬት ለአራሹ ተሰጠ። ትልልቆቹ የትራክተር እርሻዎች ግን ለገበሬ አልተከፋፈሉም። የመንግሥት እርሻ ሆኑ። እነሱን ሐሙስ ዕለት አያቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሳጉሬና ቦቆጂ

ከአሰላ ወደ ደቡብ የጭላሎን ተራራ በግራ ይዞ ይኬዳል። ሳጉሬን አልፎ ቦቆጂ ሲደርሱ ብርዱ ሌላ ነው። ቦቆጂ የነደራርቱ ቱሉ፣ የነቀነኒሳ በቀለ፣ የነጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት። ጠዋት በባሕር ዛፉ መሃል የሚሮጡ ልጆች ዛሬም አይጠፉም።

እዚህ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ በከፍታው የተነሣ ዘግይቶ ይደርሳል። የደጋው የድሮ ባለቤት ገብስ ነው። ለበሶና ለጠላ የሚሆነው ያገሬው ገብስ ግን ቦታውን ለቢራ ገብስ እየለቀቀ ነው። አሰላ በደርግ ዘመን የብቅል ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ የቢራ ገብስ ገበያ አለው። ገበሬው ከፋብሪካው ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘር ይወስዳል፣ ምርቱን መልሶ ያስረክባል። ከተማው ጥግ ላይ ደግሞ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በጓሮ ሳይሆን በማሳ ደረጃ ይመረታሉ። መሬት ሲጠብ ሰው በትንሽ ቦታ ብዙ ብር ወደሚያመጣው ይዞራል።

ያስጨነቀኝ ተዳፋቱ ነው። ቀና ብዬ ሳይ የታረሰው መሬት ከዓመታት በፊት ከማስታውሰው በላይ ወደ ተራራው ወጥቷል። እዚያ ላይ ጥንት አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ረጅም ሣር ነበር። ዝናብ ሲመጣ የታረሰ ተዳፋት አፈሩን አይዝም። ከጭላሎና ከጋለማ የሚነሣው ቀታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ነው የሚገባው። የቦቆጂ አፈር መጨረሻው የት እንደሆነ ለማወቅ ክረምት ላይ የወንዙን ቀለም ማየት ይበቃል።

ሌላም አለ። አንድ ገበሬ መሬቱ «እንቢ አለ» አለኝ። ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ምርቱ አይጨምርም። የአፈር አሲዳማነት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አሲዳማነት በተፈጥሮም አለ። ነገር ግን በየዓመቱ እህሉም ገለባውም ከማሳው ሲወጣና መሬቱ ላይ የሚመለስ ነገር ሳይኖር ዩሪያና ዳፕ ብቻ ሲጨመርበት ይብሳል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል ይጠይቃል፤ ከሩቅ በመኪና ነው የሚመጣው። የድሮው በረት ይህን ሥራ በከፊል በነፃ ይሠራ ነበር። አሁን ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከብቱም አንሷል፣ ማገዶውም ጠፍቷል።

ሐሙስ፣ መራሮ፣ አሳሳ፣ ዶዶላ

መራሮ ላይ መኪናው ለጎማ ሲቆም ወርጄ አንድ ማሳ ውስጥ ገባሁ። ስንዴው ከሩቅ ያማረ ነበር። ቀረብ ብዬ አንዱን ቅጠል ስገለብጠው በቅጠሉ ቁመት ልክ የተሰመሩ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉበት። በጣቴ ሳብሰው ጣቴ ቢጫ ሆነ። ዱቄቱ በጣም የላመ ነው፤ ትንፋሽ ያበነዋል። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ይህ ነው። አንዱ ቅጠል ላይ ያለው ዱቄት በነፋስ ተነሥቶ ሌላ ወረዳ ይደርሳል።

ዋግ ለአርሲና ለባሌ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው የሚያገኘው መሬት ስፋት ነው። ከኢተያ እስከ ጊኒር ድረስ አንድ ዓይነት ሰብል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ዝርያ ተዘርግቶለታል። ኩብሳ የሚባለው ዝርያ በገበሬው ዘንድ እጅግ የተወደደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መታው። ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዲገሉን አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ባሌ ላይ ጣለው። በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ለማጨድ የማይበቃ ሆኖ ቀረ። ተመራማሪው አዲስ ዝርያ ያወጣል፤ ዋጉ ጊዜ ወስዶ ይደርስበታል። ሩጫው የማያቋርጥ ነው። ሩጫውን ያፋጠነው ግን የተመራማሪው ስንፍና ወይም የገበሬው ድንቁርና አይደለም። ስንዴ በስንዴ ላይ፣ ዓመት በዓመት መዘራቱ ነው።

ከመራሮ ቁልቁል ወርደን አሳሳ ሜዳ ላይ ወጣን። ሜዳው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። የመንግሥት እርሻዎቹ እነሎሌ፣ ጎፈርና ጋራዴላ የነበሩት በዚህ በአርሲ ሜዳ ነው። የማሳውን ድንበር ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ ሌላ ቦታ ድንበር ከእግር ሥር ነው። በደርግ ጊዜ እነዚህ እርሻዎች የከተማውን ዳቦ ያቀርቡ ነበር። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ግን መስኩን እንደወሰዱበት አይረሳም።

ዶዶላ ሳንደርስ አንድ ማሳ ላይ ኮምባይነር ያጭዳል። ቆሜ ረዘም ላለ ጊዜ አየሁ። ማሳው የአንድ ገበሬ ነው፤ ከግማሽ ሄክታር እምብዛም አይበልጥም። ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጨረሰው። እህሉን ሸራ ላይ ሲያፈሰው ሰዎች እየተሻሙ በከረጢት ይሞላሉ። ባለማሽኑ በኩንታል ሒሳብ ይቀበላል። ደላላው አጠገቡ ቆሞ ቀጣዩን ማሳ ይጠራል። ከኋላ ሴቶችና ልጆች የወደቀውን ዘለላ ይቃርማሉ። ሳምንት ይፈጅ የነበረው አጨዳና ውቂያ በአንድ ሰዓት አለቀ። ዝናብ ሳይመታው እህሉ ገባ። ገበሬው ደስ ብሎታል፤ ደስታውም ይገባል።

ለቤቱ ምን እንደተረፈ ግን ሚስቱን ጠየቅሁ። «ጭዱስ?» አልኳት።

«እሱ ነው እንጂ የኛ ነገር» አለች። በአውድማ ሲወቃ ጭዱ ተከምሮ ለበጋ ይቀመጣል። ኮምባይነር ግን ገለባውን ማሳው ላይ ይበትነዋል፣ ደቃቁንም ከአፈር ይቀላቅለዋል። ግጦሽ በሌለበት አገር ደግሞ በጋውን የሚያሻግረው ጭድ ነው። እሷና ልጇ በመንሽ እየሰበሰቡ ነበር። ጎረቤቷ ከማሽኑ በፊት ለላሞቿ ጥግ ላይ ያለውን በማጭድ አጭዳ ነበር። «ለከርሞ እኔም እንደሷ ነው የማደርገው» አለችኝ።

ሌላው ነገር ሲናር የሚባለው አረም ነው። በካዱ ዘመን ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት መጣ። እንደ መጭና ጎመንዘር ያሉ ሰፊ ቅጠል አረሞችን ጠረገ። ሜዳው ለሣር ዓይነት አረሞች ተለቀቀ። ሲናርና ሙጃ ተንሰራፉ። ሲናር ስንዴ መሳይ ስለሆነ ገና ለጋ ሳለ በእጅ መለየቱ ያስቸግራል። ፍሬው ከስንዴው ቀድሞ ይረግፋል፤ የቀረውን ኮምባይነሩ ይዞት ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል። አሁን ለሲናር ራሱን የቻለ መድኃኒት ይገዛል፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ከብት ማሳው ላይ ያድር በነበረበት ጊዜ አረሙን ሣር ብሎ ይበላው ነበር። ማሳውም ሲያርፍ ሲናሩ የስንዴ መሃል መደበቂያውን ያጣል። አሁን ለእያንዳንዱ የጠፋ ነገር አንድ ጀሪካን ይገዛል።

ዓርብ፣ አዳባ፣ ዲንሾ

ከዶዶላ በአዳባ በኩል የዋቤ ሸበሌን ሸለቆ ተከትለን ሄድን። 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ግድብ በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ላይ ተዳፋቱ በታረሰ ቁጥር ደለሉ ወደ ታች ይመጣል። ስለ ደለሉ ማሰብ ያለበት እንግዲህ የስንዴ ገበሬ ብቻ ሳይሆን መብራት የሚያበራ ሁሉ ነው።

ዲንሾ ስንቃረብ ጋይሳይ ሜዳ ታየ። ከሰኞ ጀምሮ ሰፊ ሣር ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ተርፏል። የደጋ አጋዘኖች ተበታትነው ይግጣሉ፤ ኮርማው ራሱን ቀና አድርጎ አየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ። የኢተያው አዛውንት የነገሩኝ የአርሲ መስክ ምን ይመስል እንደነበር ያወቅሁት ከዚህ ሜዳ ነው።

ባሌ ውስጥ «ጎዳንቱ» የሚሉት የከብት ዝውውር ነበር። ከብቱ በወቅቱ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ በወቅቱ ወደ ተራራው ይወጣል። አንዱ መስክ ሲግጡት ሌላው ያገግማል። ይህ ዝውውር እንዲኖር መተላለፊያው ክፍት መሆን አለበት። መተላለፊያው ሲታረስና ዝቅተኛው መስክ ስንዴ ሲሆን ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ ላይ ተገፋ። ፓርኩ ላይ ለሚታየው የግጦሽ ጫና አንዱ ምክንያት ሜዳ ላይ ያለው ስንዴ ነው። ከዓለም በቁጥር ካነሱት ሥጋ በሎች አንዱ የሆነው ቀይ ቀበሮም መኖሪያው ከዚያው ነው። ከብት ጠባቂውን ብቻ ከፓርኩ ማባረር መፍትሔ አይመስለኝም። ከብቱ የሚሄድበት ሜዳ ሲኖር ነው ተራራው የሚያርፈው።

ቅዳሜ፣ ሮቤና ሲናና

የሲናና ሜዳ ከአርሲውም ይሰፋል። ባሌ ላይ ሁለት የዝናብ ወቅት አለ። «ገና» ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ «ቦና» ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ። ስለዚህ መሬቱ በዓመት ሁለቴ ሊዘራ ይችላል። አንድ ማሳ ላይ በገናም ስንዴ፣ በቦናም ስንዴ የሚዘሩ አሉ። ዋጉም አረሙም በዓመት ሁለት ጊዜ ማደሪያ ያገኛል ማለት ነው።

ግን ያላሰብኩትንም አየሁ። ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ የዘሩ ገበሬዎች አሉ። በገናው ባቄላ ወይም ምስር ዘርተው በቦናው ስንዴ የሚያደርጉም አሉ። ከነሱ አንዱ፣ አርባዎቹን የጀመረ ገበሬ፣ አንድ የባቄላ ሥር ነቅሎ አሳየኝ። ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። አንዱን በጥፍሩ ከፈለው፤ ውስጡ ቀይ ነው። ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ የሚሰጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። ቀዩ ሥራ ላይ መሆናቸውን ያሳያል።

ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ ስንዴ ላይ ከተዘራ ስንዴ እንደሚበልጥ ቁሉምሳ ለብዙ ዓመታት በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። ሲናርም ይቀንሳል፤ ለባቄላ የሚረጨው የሣር መድኃኒት ስንዴ ላይ ሊረጭ የማይችል ስለሆነ። ታዲያ ለምን ሁሉም አይዘራም? ገበሬውን ጠየቅሁት።

«ስንዴን ኮምባይነር ያጭደዋል። ባቄላን እኔና ቤተሰቤ በእጅ ነው የምናጭደው። ስንዴ ባልሸጥ ማኅበሩ ይወስደዋል። ምስር ገበያው ዛሬ ሰማይ ነው፣ ነገ መሬት። መሬቱን በኮንትራት የያዘ ሰው ደግሞ ለአንድ ዓመት ነው የያዘው። የከርሞውን አፈር ለማን ብሎ ያሳርፋል?»

መልሱ ውስጥ ሁሉም አለ። መሬቱን የሚያሳርፍ ሰብል እንዲዘራ ምክር ብቻ አይበቃም። ለባቄላና ለምስር እንደ ስንዴው የሚረጋ ገበያ፣ የሚታመን ዘር፣ የሚያጭድ ማሽንም ያስፈልጋል። የመሬት ኪራዩም ረዘም ያለ ቢሆን ኖሮ ተከራዩ ለአፈሩ ያስብ ነበር። የኢተያው አዛውንት የነበራቸውን ሰፊ መሬት ማንም አይመልሰውም። ማሳው ሣር ለብሶ ሊያርፍ ባይችልም ሰብል በማፈራረቅ ግን ሊያርፍ ይችላል። ይህን የሚያደርጉ ገበሬዎች በዓይኔ አይቻለሁ።

ያ ገበሬ ለመጪው የገና ዝናብ ወቅት ካለው መሬት ሲሦውን ምስር ሊያደርገው አስቧል። ለዘሩ ማኅበሩ ጋ ተመዝግቧል፤ ካልመጣለት ከጎሮ ገበያ ገዝቶም ቢሆን እንደሚዘራ ነግሮኛል።